በመካከለኛ ከተማ ተመችቶ ለመኖር ስንት ገቢ ያስፈልጋል? ቁጥሩን ከራስ ወጪ የማውጣት መመሪያ

«እዚያ ከተማ ለመኖር በወር ስንት ይበቃል?» ብላችሁ አሥር ሰው ብትጠይቁ አሥር ዓይነት መልስ ትሰማላችሁ። አንዱ የሚኖረው ወላጆቹ ቤት ነው፤ ኪራይ የሚባል ነገር አያውቅም። ሌላዋ ሦስት ልጆች ታስተምራለች። ሦስተኛው የትራንስፖርቱን ወጪ መሥሪያ ቤቱ ይችልለታል። ማንም አልዋሸም። የነገሯችሁ ግን የራሳቸውን ኑሮ ነው።

የእናንተ ቁጥር የሚወጣው ከእናንተው ወጪ ነው። መጀመሪያ ወጪው ይቀመጣል፣ ከዚያ ቁጠባው፣ ከዚያ ግብሩ። ደመወዙ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ብዙ ሰው ግን ተገላቢጦሹን ነው የሚሄደው። ደመወዙን ይሰማል፣ «አሪፍ ነው» ይላል፣ ወጪውን ከገባበት በኋላ ያየዋል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። በመካከለኛ ከተማ ቤት ይረክሳል። ሥራ ማጣት ግን ከትልቁ ከተማ ይልቅ ብዙ ያስከፍላል። ሰው የመጀመሪያውን ያሰላና ሁለተኛውን ይረሳል። ከዚህ በታች ያለው ስሌት በሙሉ ሁለቱንም ለመያዝ የተሠራ ነው።

በምሳሌዎቹ ላይ የገንዘብ ስም አልጠቅስም። 300 ስል የየትኛውም አገር ገንዘብ አድርጋችሁ ውሰዱት። የሚጠቅማችሁ በቁጥሮቹ መካከል ያለው ምጣኔ ነው።

ደረጃ 1፦ ከተማዋ የቱ ላይ እንደምታግዛችሁ ለዩ

«መካከለኛ ከተማ» የሚባለው የቱ ነው? የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) በአንዱ አመዳደቡ ከ200 ሺህ እስከ 500 ሺህ ሕዝብ ያለውን የከተማ አካባቢ መካከለኛ ይለዋል። ለመነሻ ጥሩ ነው። ለኪሳችሁ ግን ከሕዝቡ ብዛት ይልቅ የዋጋው ጠባይ ነው ወሳኙ።

ዋጋዎችን በሦስት ክፈሏቸው።

አንደኛው ወገን ከመሬትና ከአካባቢው ጉልበት ጋር የተያያዘው ነው። የቤት ኪራይ፣ የሕፃናት ማቆያ፣ የፀጉር ሥራ፣ የቤት ጥገና፣ የቤት ሠራተኛ። እነዚህ ከሌላ ቦታ ተጭነው አይመጡም። መሬቱ ሲረክስና የአካባቢው ደመወዝ ሲያንስ አብረው ይወርዳሉ። መካከለኛ ከተማ የምታግዛችሁ በዋናነት እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ከፋብሪካ ወይም ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ነው። ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ የመኪና መለዋወጫ፣ ፍሪጅ፣ ብዙ መድኃኒቶች። ስልኩ የትኛው ከተማ እንደምትኖሩ አያውቅም። ዋጋው በሁሉም ቦታ ተቀራራቢ ነው፤ እንዲያውም የማጓጓዣና የነጋዴ ማነስ ተጨምሮበት ትንሹ ከተማ ውስጥ ከፍ ሊል ይችላል።

ሦስተኛው ከተማዋ ውስጥ ጭራሹኑ የሌለው ነው። የልዩ ሕክምና ባለሙያ፣ ለአንድ የተለየ ትምህርት የሚሆን ኮሌጅ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የቪዛ ቢሮ። እዚህ ላይ የምትከፍሉት የአገልግሎቱን ዋጋ ብቻ አይደለም። መንገዱ፣ ማደሪያውና ከሥራ የምትቀሩበት ቀን አለ። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይህ ወገን ብቻውን የኪራዩን ትርፍ ሊበላው ይችላል።

ስለዚህ «እዚያ ኑሮ በግማሽ ይረክሳል» ሲሏችሁ ጥያቄው «የእኔ ወጪ በየትኛው ወገን ይበዛል?» ነው። አብዛኛው ወጪው ኪራይና የልጅ ማቆያ የሆነ ሰው ብዙ ያተርፋል። ወጪው መኪና፣ ሕክምናና ጉዞ የሆነ ሰው ብዙም አይለየው።

ደረጃ 2፦ «ተመችቶኛል» ማለት ለእናንተ ምን እንደሆነ ጻፉ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት።

የእንግሊዙ የድህነት አጥኚ ሲቦም ራውንትሪ እ.ኤ.አ. በ1899 ዮርክ በምትባል ከተማ ውስጥ የሠራተኛ ቤተሰቦችን ኑሮ ቤት ለቤት አስጠና። ዮርክ በዚያን ጊዜ ወደ 75 ሺህ ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። ለመኖር የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ገቢ ሲያሰላ ሆን ብሎ ቆጥቦ አሰላው፤ ሰውነትን ለሥራ ብቁ አድርጎ ለማቆየት ብቻ። ራሱ እንዳብራራው በዚያ ገቢ የሚኖር ቤተሰብ የባቡር ዋጋ አይከፍልም፣ ጋዜጣ አይገዛም፣ ለራቀ ልጁ ደብዳቤ ለመላክ እንኳ የቴምብር ገንዘብ የለውም። በ1936 ወደዚያችው ከተማ ተመልሶ ሲያጠና መለኪያውን አሰፋው። ጋዜጣም፣ ሬዲዮም፣ ስጦታም ገቡበት።

መኖርና ተመችቶ መኖር የሚለያዩት በእነዚያ ነገሮች ነው። ቴምብሩ ዛሬ የኢንተርኔት ፓኬጅ ሆኗል፤ ነገሩ ያው ነው።

በወረቀት ላይ እነዚህን መልሱ፦ ድንገት ፍሪጁ ቢበላሽ ሳትበደሩ ታሠሩታላችሁ? በዓመት ስንት ጊዜ ወላጆቻችሁን ለመጠየቅ ትሄዳላችሁ? ልጃችሁ በምን ዓይነት ትምህርት ቤት ይማር? ለዘመድ በየወሩ የምትልኩት አለ? ቅዳሜና እሁድ ከቤት ስትወጡ ምን ታደርጋላችሁ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። እኔ ምቾት የምለው በአመዛኙ እሱን ነው። ጥሩ ሶፋ ያለውና አንድ ያልታሰበ ወጪ ሲመጣ ስልክ ይዞ አበዳሪ የሚፈልግ ሰው ተመችቶት አይኖርም።

ከኢንተርኔት ላይ «ደስታ የሚቆምበት ገቢ» እየተባለ የሚዞር ቁጥር አለ፤ 75 ሺህ ዶላር በዓመት። ምንጩ ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አንገስ ዲተን እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናት ነው። የተጠየቁት አሜሪካውያን ናቸው፣ ቁጥሩ የቤተሰብ ገቢ ነው፣ ዋጋው የዚያ ዘመን ነው። ካህነማን ራሱ በ2023 ከማቲው ኪሊንግስዎርዝና ከባርባራ ሜለርስ ጋር ሆኖ ውጤቱን አሻሽሎታል፤ ለአብዛኛው ሰው ደስታው ከዚያ በላይም ከገቢው ጋር ማደጉን ይቀጥላል። ስለዚህ ያን ቁጥር ተዉት።

ደረጃ 3፦ የወሩን ወጪ አስቀምጡ

ቢያንስ የሦስት ወር እውነተኛ ወጪ ያስፈልጋችኋል። የባንክ መግለጫና የሞባይል ገንዘብ ዝርዝር ግማሹን ሥራ ይሠሩላችኋል። በጥሬ ገንዘብ የሚወጣውን በየቀኑ ማታ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። በግምት የተሠራ ዝርዝር ሁልጊዜ ከእውነቱ ያንሳል፤ ሰው የኪራዩን አይረሳም፣ የታክሲውንና የመክሰሱን ግን ይረሳል።

ገና ያልሄዳችሁበት ከተማ ከሆነ የአሁኑን ዝርዝር ያዙና በደረጃ 1 ባየነው መሠረት መስመር በመስመር ቀይሩት። ለኪራዩ እዚያ ከሚኖሩ ቢያንስ ሦስት ሰዎች ጠይቁ። ጥያቄው «ስንት ትከፍላላችሁ?» ብቻ አይሁን። «ዛሬ አዲስ ብትከራዩ ስንት ይሏችኋል?» በሏቸው። ከአምስት ዓመት በፊት የገባ ተከራይ የሚነግራችሁ ዋጋ ለእናንተ አይደርስም።

አንድ ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት እንውሰድ። የወሩ ወጪ እንዲህ ነው እንበል፦

ኪራይ 300
ውኃ፣ መብራት፣ ኢንተርኔትና ስልክ 60
ምግብና የቤት ፍጆታ 260
ትራንስፖርት 90
የልጅ ትምህርት 80
ሕክምናና መድን 40
መዝናኛና የግል ወጪ 90
ለቤተሰብ የሚላክ 60

ድምሩ 980 ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ ብቻቸውን 830 ይሆናሉ። ይህን 830 ምልክት አድርጉበት። ሥራ ቢቆም እንኳ የማይቆመው ወጪ እሱ ነው፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ኪራዩ ላይ ትንሽ እንቆይ። «ከገቢህ ከ30 በመቶ በላይ ለቤት አታውጣ» የሚለው ሕግ ከየት መጣ? በአሜሪካ በመንግሥት ቤት የሚኖሩ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ተከራዮች የሚከፍሉት እ.ኤ.አ. በ1969 ከገቢያቸው 25 በመቶ እንዳይበልጥ ተደረገ፤ በ1981 ወደ 30 በመቶ ከፍ አለ። ከዚያ ለሁሉም ሰው የሚሠራ ሕግ መስሎ ተሰራጨ። ለድጎማ ቤት የወጣ የአስተዳደር ጣሪያ ነው እንጂ በጥናት የተገኘ የምቾት መስመር አይደለም።

ስለዚህ መቶኛውን ከማየት የሚተርፈውን ማየት ይሻላል። ገቢው ከፍ ያለ ሰው 40 በመቶ ለቤት ከፍሎ በደንብ ይኖራል፤ ገቢው ዝቅ ያለ ሰው 25 በመቶ ከፍሎ ምግብ ሊያጥረው ይችላል። ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤርንስት ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1857 የቤልጂየም ቤተሰቦችን መረጃ አይቶ ያወጣው ሕግም ይህንኑ ያግዛል፦ ገቢ ሲያድግ ለምግብ የሚወጣው ድርሻ ይቀንሳል። በገንዘብ መጠን ላይቀንስ ይችላል፤ በድርሻ ግን ይቀንሳል። የራሳችሁን ዝርዝር ስታዩ ምግብ ከወጪው ግማሹን ከበላ፣ ከተማ ከመቀየር በፊት ችግሩ ገቢው ነው።

ሌላው የቤትና የትራንስፖርት ጉዳይ ነው። ሁለቱን ለየብቻ አታስሏቸው፤ ደምሯቸው። ከከተማዋ ዳር ርካሽ ቤት ይገኝና ለሁለት ሰው የጠዋትና የማታ ትራንስፖርት ይጨመራል። ልጅ አመላላሽም ይመጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። መካከለኛ ከተማ ውስጥ ደግሞ የሕዝብ ትራንስፖርቱ ማታ ቀደም ብሎ ሊቋረጥና በጥቂት መስመር ብቻ ሊሄድ ይችላል። መኪና ያለ ፍላጎታችሁ የሚያስገዛችሁ ከተማ ከሆነ የኪራዩን ትርፍ ረሱት። ነዳጁን ብቻ ሳይሆን መድኑን፣ ጎማውን፣ ጥገናውንና መኪናው በየዓመቱ ከዋጋው የሚያጣውን ጨምሩ።

ደረጃ 4፦ በየወሩ የማይመጡትን በ12 አካፍሉ

ወር ሳይሞላ ኪስን የሚያራቁተው ብዙ ጊዜ የየወሩ ወጪ አይደለም። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚመጣው ነው። ያልታሰበ ይባላል እንጂ በየዓመቱ ይመጣል።

ለምሳሌያችን ቤተሰብ፦ የትምህርት መጀመሪያ ወጪ 240፣ የጥርስና የዓይን ሕክምናን የመሰለ 180፣ የዕቃ መተኪያና የቤት ጥገና 300፣ ዘመድ ለመጠየቅ ጉዞ 240፣ ልብስና በዓል 240። ድምሩ በዓመት 1,200፤ በወር 100። ወርሃዊው 980 አሁን 1,080 ሆነ።

የዕቃ መተኪያውን ለማግኘት ቤት ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ዕቃዎች ዘርዝሩ። እያንዳንዱ ዛሬ ቢገዛ የሚያወጣውን ዋጋ ለስንት ዓመት እንደሚያገለግል አካፍሉት። ለስምንት ዓመት የሚያገለግል 800 የሚያወጣ ዕቃ በዓመት 100 ይበላል ማለት ነው፤ ገና ባይበላሽም።

ይህን ገንዘብ በሌላ ሒሳብ አስቀምጡት። ከወሩ ወጪ ጋር ከተቀላቀለ በሁለተኛው ሳምንት ትበሉታላችሁ።

ከዚያ በላይ 5 በመቶ ጨምሩ። የሚያኗኗር ደመወዝን፣ ማለትም ሠራተኛውንና ቤተሰቡን በጨዋ ደረጃ ለማኖር የሚበቃውን ክፍያ፣ ለማስላት በብዙ አገሮች የሚሠራበት የሪቻርድና የማርታ አንከር ዘዴም የምግቡን፣ የቤቱንና የሌላውን ወጪ ከደመረ በኋላ ለድንገተኛ ነገር አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ይጨምራል። ከ1,080 ላይ 54 ነው። ደርሰናል፦ 1,134።

ደረጃ 5፦ መጠባበቂያውን በከተማዋ የሥራ ገበያ ልክ ስፉት

መጀመሪያ ላይ ያልኩት ነገር ሒሳብ ውስጥ የሚገባው እዚህ ነው።

በሙያችሁ 30 ቀጣሪ ያለበት ከተማ ውስጥ ከአንዱ ብትለቁ 29 ይቀራሉ። ሦስት ብቻ ካሉ ሁለት ይቀራሉ። ከሁለቱ አንዱ በዚያ ዓመት ቅጥር ላይኖረው ይችላል። ሌላው ከቀድሞ አለቃችሁ ጋር ቡና የሚጠጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመካከለኛ ከተማ ሥራ ስታጡ ምርጫው ሁለት ነው፤ ረጅም ጊዜ መጠበቅ ወይም ከተማ መቀየር። ሁለቱም ገንዘብ ይበላሉ።

የተለመደው ምክር ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚሆን ወጪ በመጠባበቂያ ያዙ የሚል ነው። ትልቅ ከተማ ውስጥ፣ ተፈላጊ ሙያ ያለውና ኃላፊነት የሌለበት ሰው በሦስቱ ሊያልፍ ይችላል። ለመካከለኛ ከተማ ግን እኔ ከስድስት ወር በታች አልመክርም። ቀጣሪዎቹ ከአምስት የሚያንሱ ከሆነ የዕቃ ማጓጓዣንና የአዲስ ቤት ቅድሚያ ክፍያን በላዩ ጨምሩ። ባልና ሚስት አንድ መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሁለት ደመወዝ እንዳላችሁ አታስቡ። ያ ቤት ሲያነጥስ ሁለታችሁም ነው የምትታመሙት።

በቤተሰቡ ምሳሌ ስድስት ወር ማለት 830 ሲባዛ በ6 ነው፤ 4,980። ልብ በሉ፣ ያባዛነው የማይቆመውን ወጪ ነው፤ ሙሉውን አይደለም።

ይህን ለመሙላት ከተጣራው ገቢ፣ ማለትም ግብርና መዋጮ ወጥቶለት እጃችሁ ከሚገባው፣ 15 በመቶ ይቆጠብ እንበል። ስሌቱ የሚሳሳተው እዚህ ነው። 1,134ን በ1.15 ማባዛት አይደለም። 1,134 ከገቢው 85 በመቶ መሆን አለበት። ስለዚህ በ0.85 አካፍሉት፦ ወደ 1,335 ይመጣል። ከዚህ 15 በመቶው 200 ያህል ነው። በወር 200 እየተቀመጠ 4,980 ለመድረስ 25 ወር ይፈጃል። ሁለት ዓመት ከአንድ ወር። ረጅም ከመሰላችሁ ወይ መጀመሪያ ላይ 20 በመቶ ቆጥቡ፣ ወይ ያለቦታው የገባ ወጪ ቀንሱ። ሲሞላ ያው 15 በመቶ ወደ ጡረታ፣ ቤት መሥሪያ ወይም ትምህርት ይዞራል።

ኤልዛቤት ዋረን፣ በኋላ የአሜሪካ ሴናተር የሆነችው የሕግ መምህር፣ ከልጇ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ያስተዋወቀችው የ50፣ 30፣ 20 ክፍፍል አለ፦ ግማሹ ለግድ ወጪ፣ 30 በመቶው ለፍላጎት፣ 20 በመቶው ለቁጠባና ለዕዳ። የምሳሌያችን ቤተሰብ የግድ ወጪ 830 ከ1,335 ውስጥ 62 በመቶ ነው። ከመስመሩ ያልፋል። አትደንግጡ፤ ልጅ ያለው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ከ70 በመቶ በላይ ከሄደ ግን አንድ ደመወዝ ሲዘገይ ቤቱ ይናጋል። ይህ የእኔ ግምገማ ነው።

ደረጃ 6፦ ከተጣራው ወደ ጠቅላላው ውጡ

1,335 እጃችሁ ላይ የሚገባው ነው። ቀጣሪ የሚነግራችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግብርና መዋጮ ያልወጣለትን ነው። ከደመወዙ በድምሩ 25 በመቶ የሚቆረጥ ከሆነ 1,335ን በ0.75 አካፍሉ፦ 1,780። አሁን ቁጥሩ ተገኘ።

በ1.25 ብታባዙት 1,669 ያህል ይሆናል። ከዚህ ላይ 25 በመቶ ሲቆረጥ የሚደርሳችሁ 1,252 ገደማ ነው። በየወሩ 83 አነሰ። ደመወዝ ሲደራደሩ ይህን አሳስተው የተስማሙ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ «ገንዘቤ የት ገባ?» ይላሉ።

ግብሩ በገቢ መጠን እየጨመረ የሚሄድበት አገር ከሆነ የመጨረሻውን እርከን መቶኛ አትውሰዱ። ከአጠቃላይ ደመወዙ በአማካይ የሚቆረጠውን ነው የምትፈልጉት። በዚያው መሥሪያ ቤት ተመሳሳይ ደመወዝ ያለው ሰው የክፍያ ወረቀቱን ቢያሳያችሁ በአንድ አፍታ ይታወቃል።

በግል ለሚሠሩና ገቢያቸው ከፍ ዝቅ ለሚል አንድ ማስተካከያ፦ የዓመቱን አማካይ ሳይሆን ዝቅተኛዎቹን አራት ወራት አማካይ ከ1,335 ጋር አወዳድሩ። ዝቅተኛው ወር ኪራዩን ካልቻለ አማካዩ ቢያምር ዋጋ የለውም።

ደረጃ 7፦ ቁጥራችሁን በሌላ መንገድ ፈትሹ

ሁለት ፈጣን መፈተሻዎች አሉ።

አንዱ የቤተሰብ ብዛት ነው። በኦኢሲዲ ስም ከሚጠሩት መለኪያዎች አንዱ ለመጀመሪያው አዋቂ 1፣ ዕድሜው 14 እና ከዚያ በላይ ለሆነ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው 0.5፣ ከ14 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ 0.3 ይሰጣል። ብቸኛ ሰው በከተማዋ በ1,000 ተመችቶት የሚኖር ከሆነ፣ ባልና ሚስት ከሁለት ትንንሽ ልጆች ጋር 2.1 እጥፍ፣ ማለትም 2,100 ያስፈልጋቸዋል። አራት እጥፍ አይደለም፤ አንዱ ማድቤት ለአራቱም ያገለግላል። ጓደኛችሁ ብቻውን ኖሮ የነገራችሁን ቁጥር ወደ ቤተሰባችሁ ለመቀየር ይህ ይጠቅማል። የልጅ ማቆያና የትምህርት ቤት ክፍያ ከፍተኛ በሆነበት ቦታ ግን መለኪያው ያሳንሳል።

ሁለተኛው የኢንተርኔት የኑሮ ዋጋ ማውጫዎች ናቸው። ኑምቤዮ የመሳሰሉት መረጃውን በብዛት የሚያገኙት ከተጠቃሚዎች ነው። ትልቅ ከተማ ላይ ብዙ ሰው ስለሚያስገባ ስህተቱ ይቻቻላል። መካከለኛ ከተማ ላይ ጥቂት ሰዎች ያስገቡት ሊሆን ይችላል፤ እነሱም ውጭ አገር ዜጎች ከሆኑ ዋጋው የእነሱ ሰፈር ነው። ሌላ ወጥመድም አለ። ኑምቤዮ ላይ «የኑሮ ውድነት» የሚለው ማውጫ ኪራይን አያካትትም፤ ኪራይ ያለበት ለብቻው ነው። ሁለቱን አደባልቃችሁ እንዳታነቡ።

ሕጋዊው ዝቅተኛ ደመወዝም መለኪያ አይሆናችሁም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 የሚያኗኗር ደመወዝ ምን እንደሆነ ሲያስቀምጥ፣ በመደበኛ የሥራ ሰዓት ተሠርቶ ሠራተኛውንና ቤተሰቡን በጨዋ ደረጃ ለማኖር የሚበቃ ክፍያ ብሎታል። «በመደበኛ የሥራ ሰዓት» የምትለዋን አትለፏት። ቁጥሩ ላይ የደረሳችሁት በየምሽቱ ተጨማሪ ሥራ እየሠራችሁ ከሆነ ገና አልደረሳችሁም።

ደረጃ 8፦ ትልቁን ከተማ ለቃችሁ የምትሄዱ ከሆነ የሚተርፈውን አወዳድሩ

ደመወዝን ከደመወዝ ጋር ማወዳደር ያታልላል። ኪራይን ከኪራይ ጋር ማወዳደርም ያታልላል።

ትልቅ ከተማ ውስጥ 2,000 የተጣራ ታገኛላችሁ እንበል። ኪራይ 700፣ ሌላው ወጪ 1,000፣ የሚተርፍ 300። መካከለኛው ከተማ ኪራዩ በግማሽ ወርዶ 350 ሆነ። ሌላው ወጪ ግን ወደ 960 ብቻ ነው የወረደው፤ ዕቃው ዕቃ ነውና። ጠቅላላ ወጪ 1,310። ደመወዙ በ25 በመቶ ቀንሶ 1,500 ቢሆን የሚተርፈው 190 ነው። ኪራዩ ግማሽ ሆኖም ከስራችሁ። ያንኑ 300 ለማትረፍ 1,610 ያስፈልጋል፤ ማለትም ደመወዙ ከ19 በመቶ ተኩል በላይ መውረድ የለበትም። ይህ ለድርድር የምትይዙት ወለል ነው።

ጊዜውንም ቁጠሩት። በቀን የሁለት ሰዓት መንገድ ወደ 40 ደቂቃ ቢወርድ በቀን 80 ደቂቃ ይተርፋል፤ በ22 የሥራ ቀን 29 ሰዓት ገደማ። ትንንሽ ልጆች ላሉት ሰው ይህ 110 የጎደለውን ገንዘብ ሊያስረሳ ይችላል። ብቻውን ለሚኖርና ሙያው ገና ለሚያድግ ወጣት ግን እኔ ብዙ አልመዝነውም፤ እሱን የሚጠቅመው ብዙ ቀጣሪ ያለበት ቦታ ነው።

ደመወዛችሁ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ከሆነ፣ ማለትም ቤት ሆናችሁ ለሩቅ ድርጅት የምትሠሩ ከሆነ፣ ሒሳቡ ወደ እናንተ ያጋድላል። ደመወዙ አይወርድም፣ ኪራዩ ይወርዳል። መጠየቅ ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው፦ ድርጅቱ በምትኖሩበት ቦታ ልክ ደመወዝ ይቀንሳል ወይ? ኢንተርኔቱና መብራቱስ ምን ያህል ይታመናል? ሁለተኛ መስመርና የባትሪ ወጪ ካስፈለገ ወርሃዊ ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ።

ደረጃ 9፦ ቁጥሩ ከገቢያችሁ ሲበልጥ

ብዙ ጊዜ ይበልጣል። 1,780 አስልታችሁ ጠቅላላ ደመወዛችሁ 1,500 ቢሆንስ?

ከትንንሾቹ አትጀምሩ። መዝናኛውን ሙሉ በሙሉ ብታስቀሩ 90 ታገኛላችሁ፤ ኑሮው ግን የራውንትሪ ጋዜጣ የለሽ ኑሮ ይሆናል፤ ሦስት ወርም አይዘልቅ። ቤትና ትራንስፖርት ሲደመሩ 390 ናቸው። የአንድ አምስተኛ ቅናሽ እዚያ ብታገኙ 78 ነው፤ አንዴ ወስናችሁ በየወሩ ይደጋገማል። ከሥራ ቦታ በእግር የሚደረስ ቤት፣ አንድ ክፍል የሚያንስ ቤት፣ ሁለተኛውን መኪና መሸጥ። እነዚህ ናቸው የሚያንቀሳቅሱት።

ቁጠባውን ለጊዜው ከ15 ወደ 8 በመቶ ማውረድ ይቻላል፤ ማጥፋት ግን አይመከርም። ወደ 8 ሲወርድ የሚያስፈልገው የተጣራ 1,134 ሲካፈል በ0.92፣ ወደ 1,233 ይሆናል። ጠቅላላው 1,644። ከኪራይና ትራንስፖርት 78 ከተቀነሰ ደግሞ 1,080ው ወደ 1,002 ይወርዳል፣ 5 በመቶው ሲጨመርበት ወደ 1,052፤ የተጣራው 1,143፤ ጠቅላላው 1,525 ገደማ። ከ1,500 ጋር ያለው ልዩነት በአንድ ትንሽ ድርድር ወይም በአንድ ተጨማሪ ገቢ የሚዘጋ ሆነ።

ሁለተኛው የትዳር አጋር ሥራ ሊጀምር ከሆነ ከደመወዙ ላይ የልጅ ማቆያውን፣ ትራንስፖርቱንና ግብሩን ቀንሱ። የሚተርፈው ትንሽ ቢሆን እንኳ አትናቁት፤ ከሁለት ቀጣሪ የሚመጣ ሁለት ገቢ በቀጭን የሥራ ገበያ ውስጥ ራሱ መጠባበቂያ ነው።

ቁጥሩን በዓመት አንዴ አድሱት። ዋጋ በየዓመቱ 10 በመቶ የሚጨምር ከሆነ የዛሬው 1,335 ከሦስት ዓመት በኋላ 1,777 ይሆናል፤ ኑሮው ግን ያው ነው። ዋጋ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ለማወቅ 72ን ለጭማሪው መቶኛ አካፍሉ፤ በ12 በመቶ ስድስት ዓመት ይፈጃል። የደመወዝ ጭማሪ ጥያቄ የምታቀርቡበት ወር ሳይደርስ፣ የሦስት ወሩን ምዝገባ ከዚያ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። አለቃችሁ ፊት «ኑሮ ተወደደ» ከማለት «የቤተሰቤ ወርሃዊ ወጪ ከአምናው በዚህን ያህል ጨምሯል» ብሎ ወረቀቱን ማስቀመጥ ይሻላል።